ካሜራቸውን ዓርብ ዓርብ የሚያስተኙት ጋሼ ተገኘ

እ.ኤ.አ. ሜይ 30 ቀን 2007፣ ረቡዕ ከቀትር በኋላ፣ በእስራኤል፣ በአሽቀሎን ከተማ፣ የሠፈራችን የአረጋውያን ክበብ የዐውደ ርእይ ኮሚቴ የጋሼ ተገኘ ውቤን አንዲት ፎቶግራፍ ከግድግዳ አወረደ። ምክንያቱ በቃለ ጉባኤው ላይ በአንድ ዓረፍተ ነገር ሰፍሯል፦ «ባለቤቱ ሰንበትን ሽረው ያነሡት ሆኖ ስለተገኘ።» ኮሚቴው ሦስት አባላት ነበሩት፤ ውሳኔው በሙሉ ድምፅ ተላለፈ። ከሦስቱ ድምፆች አንዱ የእኔ ነው።

ጋሼ ተገኘ በኖቬምበር 2008 ዐረፉ። ዓረፍተ ነገሩ ግን በሕይወት አለ። በክበቡ ቁም ሣጥን ውስጥ፣ በሰማያዊ መዝገብ ላይ፣ በአቶ አስረስ የእጅ ጽሑፍ ተቀምጧል፤ አቶ አስረስ የክበቡ ሰብሳቢ ናቸው፤ እኔ በክበቡ በበጎ ፈቃድ አገለግላለሁ። ይህን የምጽፈው በዚያ ዓረፍተ ነገር ምክንያት ነው። ሆኖም ስለ ጋሼ ተገኘ ክስ ብቻ ጽፎ መጨረስ እንደማይቻል ከወዲሁ አስታውቃለሁ፤ ሰውየው በገቡበት ነገር ሁሉ አንድ የሚያስቅ ነገር ጥለው ይወጡ ነበርና።

ጎረቤቴ ነበሩ። ግቫት ጺዮን በተባለው ሠፈር ውስጥ ባለ አንድ አሮጌ ሕንፃ እሳቸው ከባለቤታቸው ከእትዬ ጥሩነሽ ጋር ምድር ቤት፣ እኔ ደግሞ ልክ ከራሳቸው በላይ እንኖር ነበር። በእንስሳት ሥነ ሕይወት የዶክትሬት ዲግሪ አለኝ። መተዳደሪያዬ ግን ሌሎች ሰዎች በሚመረምሩት ናሙና ላይ ቀንና ቁጥር የያዘ ወረቀት መለጠፍ ነው። ይህን የምጠቅሰው ጋሼ ተገኘ ለምን «ዶክተርዬ» ይሉኝ እንደነበረ እንዲታወቅ ነው። በቃሉ መጨረሻ ላይ ያለችው «ዬ» ማዕረጉን ወደ ትክክለኛ መጠኑ የምታወርድ ነበረች።

በ1991 ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ከመጡት ቤተ እስራኤላውያን አንዱ ናቸው። አሥራ ሁለት ዓመት በአንድ የፕላስቲክ ፋብሪካ ሠርተው ጡረታ ሲወጡ፣ ልጃቸው ከውትድርና ስትመለስ አንዲት ትንሽ ብርማ ዲጂታል ካሜራ ሰጠቻቸው። ልጅቱ ካሜራዋን በዕብራይስጥ አስረዳቻቸውና ወደ ሥራዋ ሄደች። እሳቸው ለሁለት ቀን በር ዘግተው ቁልፎቿን አንድ በአንድ ሲጫኑ ከረሙ። በሦስተኛው ቀን ወጥተው «ተግባብተናል» አሉኝ።

ከሕንፃው ጣሪያ ላይ ነፋስ የጣለውን አሮጌ ዲሽ አንሥተው በእንጨት ላይ ፊቱን ወደ ሰማይ አድርገው ቸነከሩት፤ ከግቢው እንጆሪ ዛፍ ሥር ተከሉትና ማሽላና የሱፍ ፍሬ ሞሉበት። በማግስቱ ወፍ መጣ። ከሳምንት በኋላ ግቢው ገበያ ሆነ።

«ጋሼ፣ ዛሬ ምን ያሳያል ዲሹ?» እላቸው ነበር ወደ ሥራ ስወርድ።

«ዜና ነው። ርግቦቹ ተጣልተዋል፤ ዝርዝሩን ማታ እነግርሻለሁ።»

ማታ ዝርዝሩን ይነግሩኛል።

በወጣትነታቸው ደምቢያ ውስጥ የማሽላ ማሳ ጠባቂ ነበሩ። ማማ ላይ ቆመው ወንጭፍ እያጮሁ ወፍ ሲያባርሩ ነው ጎልማሳ የሆኑት። አሁን በአሽቀሎን ያንኑ ማሽላ ለወፍ ይበትናሉ። ይህ ተቃርኖ ያስገርመኝ ስለነበር አንድ ቀን ጠየቅኋቸው።

«ካሳ ነዋ» አሉ። «ዘመዶቻቸውን ስንት ዓመት አሳደድኩ።»

«ጋሼ፣ እነዚህ የዚያ አገር ወፎች ዘመድ አይደሉም። ዝርያቸው ሌላ ነው።»

ማሽላውን መበተን አቁመው ቀና ብለው አዩኝ። «ዶክተርዬ፣ እኛንም እዚህ ስንመጣ እንዲሁ ነው ያሉን።»

ቦርሳዬን አንሥቼ ወደ ሥራ ሄድኩ።

የፎቶ አነሣሣቸው ሥርዓት ነበረው። አንድ ወፍ ዲሹ ላይ ሲያርፍ ካሜራቸውን ወዲያው አያነሡም፤ ሦስት ጊዜ እስኪጎርስ ይጠብቃሉ። በከንፈራቸው «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» ሲሉ ከመስኮቴ ይታየኛል። ከዚያ በኋላ ነው ካሜራዋ ወደ ዓይናቸው የምትወጣው። እንግዳ ሳይጎርስ ፎቶ ማንሣት ለእሳቸው ነውር ነበር። ወፍ ግን ሦስት ከጎረሰ በኋላ የመቆየት ግዴታ የለበትም። በዚህ ምክንያት የሥራዎቻቸው ብዛት ያለው ክፍል የጭራ ፎቶግራፍ ነው። የቀረው ጉንጫቸው የተነፋ ወፎች ናቸው።

«ጋሼ፣ ይህ እኮ የጭራ ስብስብ ነው» ብያቸዋለሁ፣ በቀዝቃዛ ድምፅ።

«ጠግበው ሲሄዱ ነዋ! ተርበው ሲሄዱ ባነሣቸው ነበር ነውሩ።»

ደንቡን የትም ቦታ አያጥፉትም። ክበቡ አንድ ጊዜ ወደ ማሪና ወስዶን ነበር፤ ሽማግሌው ሁሉ በጀልባዎቹ መካከል የሚዞሩትን የባሕር ወፎች በስልኩና በካሜራው ሲያነሣ፣ ጋሼ ተገኘ ካሜራቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ።

«ተገኘ፣ ለወፍ እሞታለሁ የምትል አንተ፤ ምነው ዝም አልክ?» አሉ አቶ አስረስ፣ በእጃቸው አይብ የተሞላበት ትኩስ ቡሬካ ይዘው።

«ያላበላሁትን አላነሣም።»

ንግግራቸው ሳያልቅ አንድ ትልቅ ነጭ ወፍ ከአቶ አስረስ ትከሻ በላይ ወረደና ቡሬካውን ከነወረቀቱ ይዞ ተነሣ። ጋሼ ተገኘ በዚያች ቅጽበት ካሜራቸውን አነሡ። ፎቶው ላይ የአቶ አስረስ ባዶ እጅና የተከፈተ አፍ ይታያል፤ የወፉ ጉንጭ ሙሉ ነው። «አሁን ተስተናገደ» አሉ ጋሼ ተገኘ። ሁላችንም ሣቅን፤ አቶ አስረስ ሁለት ቀን ዘግይተው ሣቁ።

በትክክለኛ ስማቸው ልጠራቸው የሞከርኩትን ወፎች ሁሉ እሳቸው እንደገና ሰየሟቸው። ራሷ ጥቁር፣ በዓይኗ ዙሪያ ነጭ ቀለበት ያላት ወፍ «ፕኪዳዋ» ነበረች፤ መነጽር አድርጋ ማንንም ሳታይ ስለምታወራ የቢሮ ጸሓፊ መሆኗ አያጠራጥርም አሉ። ከሌላ አገር መጥተው ከተማውን የሞሉት ቡናማ ጯሂዎች «አዲስ ገቢዎቹ» ነበሩ፤ «አትቆጪያቸው፣ ቋንቋውን እስኪለምዱ ነው» ይሉኛል። ወፍራሟ ርግብ ደግሞ «ጥሩነሽ» ተባለች።

«እኔን ነው?» አሉ እትዬ ጥሩነሽ ከመስኮቱ።

«ረጋ ያለች ናት ብዬ ነው።»

«ወፍራም ናት ለማለት ነው። ዛሬ እራትህን ከእሷ ጋር ብላ።»

በእኔም ስም የተሰየመች ወፍ ነበረች። ነጭና ጥቁር፣ ደረቷ ጎን ላይ ትንሽ ብርቱካናማ ያላት፣ ከዛፉ ጫፍ ለብቻዋ የምትቀመጥ። ከማንም ጋር አትበላም፤ ያደነቻቸውን ነፍሳት በእሾህ ላይ ሰክታ ትታዘባቸዋለች። «ዶክተርዋ መጣች» ይሉ ነበር። የወፏን ጠባይ ከመጽሐፍ አላነበቡም፤ ሁለታችንንም አይተው ነው የደረሱበት። ስያሜው ሳይንሳዊ ባይሆንም ስሕተት ነው ማለት አልችልም።

አሁን ወደ ሰንበት ልምጣ።

ዓርብ ፀሐይ ወደ ባሕሩ ስታዘነብል ጋሼ ተገኘ ዲሹን ሁለት እጥፍ ይሞላሉ፤ በነጋታው እህል መበተን ሥራ ስለሆነ ወፎቹ የሰንበት ስንቃቸውን ቀድመው እንዲያገኙ ነው። ከዚያ ካሜራዋን በነጭ ጨርቅ ይወለውሏታል፤ በአሮጌ ነጠላ ይጠቀልሏታል፤ በመኝታ ክፍሉ መሳቢያ ውስጥ አስተኝተው «ዕረፊ» ይሏታል።

«ለእኔ እንዲህ ብለኸኝ ታውቃለህ?» ይላሉ እትዬ ጥሩነሽ ድስታቸውን እየከደኑ።

«አንቺ መች ትሰሚኛለሽ!»

የእሳቸው ሰንበት ድርድር የማያውቅ ሰንበት ነበር። እሳት አይነካም፣ መብራት አይበራም፣ ዕቃ ከቤት አይወጣም፤ መቀስ አይነሣም፣ የሚያጣሉ ጉዳዮችም አይነሡም። በአገራቸው ሰንበትን ሲጠብቁ የኖሩት ሌላ ምንም በሌለበት ጊዜ ነው። ለሽምግልና ሰው ሲፈለግ መጀመሪያ የሚጠራው የጋሼ ተገኘ ስም ነበር፤ ምክንያቱ ሲጠየቅ «የሰንበት ሰው ናቸው» ይባላል። ከዚህ የበለጠ ማዕረግ አልነበራቸውም፤ አልፈለጉምም።

ኤፕሪል 21 ቀን 2007፣ ቅዳሜ ዕለት፣ እንጆሪው ዛፍ ላይ አንድ ደማቅ ቢጫ ወፍ አረፈ፤ ክንፉ ጥቁር፣ መንቁሩ ሮዝ። በጸደይ ወደ ሰሜን ሲሻገር ለጥቂት ቀን ብቻ የሚያልፍብን ነው፤ ዓይን አፋር ስለሆነ ቅጠል ውስጥ ሲዘፍን ይሰማል እንጂ አይታይም። ይህኛው ግን ወርዶ ዲሹ ላይ የወደቁትን እንጆሪዎች ይለቅም ጀመር። እኔ ወደ መስኮቱ ሮጥኩ፤ መሮጤን ማንም አላየም። ጋሼ ተገኘ በወንበራቸው ላይ ሁለት እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ ጭነው ተቀምጠዋል። አይንቀሳቀሱም። ወፉ ሦስት ጎረሰ፣ አራት ጎረሰ፣ አሥር ጎረሰ፤ ፊቱን ወደ እሳቸው አዙሮ ቆየ። ከዚያ ሄደ።

በሳምንቱ መካከል አልመጣም። በቀጣዩ ቅዳሜ መጣ። «ሰንበት» ብለው ሰየሙት።

«ወንድ ነው፣ ጋሼ። ቢጫው ወንዱ ነው።»

«ሰንበት ወንድ ሆና ታውቃለች?» አሉ፤ ከዚያ በኋላ ወፉ ሴት ሆነች፣ እኔም ተሸንፌ እንደዚያው እጠራታለሁ።

ሦስተኛው ቅዳሜ ሜይ 5 ነበር። ወርጄ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ሰንበት ከዚያ ቀደም ካደረገችው ሁሉ አልፋ፣ ከእኛ ሦስት እርምጃ ርቀት ላይ ቁጭ ብላ በላች። የጋሼ ተገኘ አውራ ጣት በጉልበታቸው ላይ ቁልፍ እንደሚጫን ከፍ ዝቅ ሲል አየሁ።

«ልሂድና ካሜራዋን ላምጣት?» አልኩ በሹክሹክታ። «እኔ ሰንበት እንደማላከብር ያውቃሉ። እኔ ላንሣልዎ።»

«አውቃለሁ። ኃጢአትሽን ለራስሽ ተጠቀሚበት፤ ለእኔ አታውሺኝ።»

ጥቂት ቆይቼ ወደ ቤቴ ወጣሁ። ከዚያ በኋላ በግቢው ውስጥ የሆነውን አላየሁም። ያላየሁትን ግን በኋላ እንዳየሁት አድርጌ ፈረድኩበት።

ክበቡ «የግቢያችን ወፎች» የሚል ዐውደ ርእይ ሲያዘጋጅ ጋሼ ተገኘ አንድ ፖስታ ይዘው መጡ። ከነዚያ ሁሉ ጭራዎች መካከል አንድም አላመጡም። አንዲት ፎቶ ብቻ፦ ሰንበት ፊት ለፊት፣ እንጆሪ በመንቁሯ ይዛ፣ ከጎን በሚመጣ ደካማ ወርቅማ ብርሃን። ትንሽ ደብዛዛ ናት፤ ነገር ግን ግድግዳው ላይ ከተሰቀሉት ሁሉ ሰው የሚቆምላት እሷ ነበረች። በቀኝ ታችኛው ጥግ፣ ካሜራዋ በብርቱካናማ ቁጥር ያተመችው ቀን አለ፦ 05.05.2007።

ያየው መጀመሪያ አቶ አስረስ ናቸው። አቶ አስረስ ክፉ ሰው አይደሉም፤ አጉሊ መነጽር ያላቸው ሰው ናቸው።

«ይቺ ታኣሪኽ ምን ቀን ናት? ዶክተር፣ አንቺ እይልን።» አሉ፤ «ታኣሪኽ» በዕብራይስጥ ቀን ማለት ነው።

የኪስ ቀን መቁጠሪያዬን አውጥቼ አየሁ። ሳላይም አውቀው ነበር። «ቅዳሜ» አልኩ።

ሦስተኛዋ አባል «ውይ!» ብለው አፋቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። ጋሼ ተገኘ ከሚቀጥለው ክፍል ተጠሩ።

«ተገኘ ወንድሜ፣ ይቺን መቼ ነው ያነሣሃት?»

«እሑድ፣ ጎሕ ሲቀድ። ቅዳሜን ታግሼ ዋልኩና እሑድ ስነሣ እዚያው ጠበቀችኝ።»

«እዚህ ላይ ቅዳሜ ይላል።»

«ማነው የሚለው?»

«ካሜራህ ነዋ!»

«ካሜራዋ በምን አወቀች? ቅዳሜን ተኝታ ነው የዋለችው።»

ሣቅን። እኔም ሣቅሁ። የተናገሩት ግን ፍጹም ትክክለኛ ማስረጃ ነበር፤ በቀልድ መልክ ስለመጣ ማናችንም በመዝገብ አላሰፈርነውም።

«ማሽን አይዋሽም፣ ተገኘ» አሉ አቶ አስረስ፣ አሁን በለሰለሰ ድምፅ።

«እኔስ?»

አቶ አስረስ መጻፍ ጀመሩ። ጋሼ ተገኘ ብዕሩ ወረቀቱ ላይ ሲሄድ እስከ መጨረሻው ቆመው አዩ፤ ከዚያ ፎቶዋን ራሳቸው ከሚስማሩ አወረዱና በፖስታው ውስጥ አስገቡ። «እሺ፣ ትረፍ» አሉ።

ያን ዕለት አብረን ወደ ቤት ተመለስን። መናገር ያለብኝን የከፋውን ነገር አሁን እናገራለሁ፤ ኮሚቴው ውስጥ ያደረግሁት ከዚህ ያንሳል። በሕንፃችን ደረጃ ሥር አቁሜያቸው እንዲህ አልኳቸው፦ «ጋሼ፣ እኔ በበኩሌ ደስ ብሎኛል።»

«ምኑ ነው ደስ ያለሽ?»

«ለአንዲት ወፍ ብለው መሸነፍዎ። ሰው መሆንዎ።»

«አንቺም ቅዳሜ ነው የምትዪው?»

«ቀኑን ቆጥሬዋለሁ።»

«አዎ። ቁጥር ትችያለሽ።» በሩን ከፍተው ገቡ።

በምስጋና መልክ ስድብ እንደ ሰጠኋቸው ሳውቅ አንድ ዓመት ተኩል አልፎ ነበር። አቶ አስረስ የፈረዱባቸው አዝነው ነው፤ እኔ የፈረድኩባቸው ደስ ብሎኝ ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ፎቶ አላነሡም። ወፎቹን መመገብ አልተዉም፤ ዲሹን ይሞላሉ፣ ወንበራቸው ላይ ይቀመጣሉ፣ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ ይጭናሉ። ሰኞም ማክሰኞም ቅዳሜ ሆነባቸው። ለሽምግልና የሚጠራቸው ቀስ በቀስ ጠፋ። ማንም ክፉ አልተናገራቸውም፤ የሌላ ሰው ስም ቀድሞ መጠራት ጀመረ፣ በቃ። «ዕረፍት ሰጡኝ እኮ» ይሉ ነበር፤ «የሰው ጠብ ሰልችቶኝ ነበር፣ አሁን የርግቦቹን ብቻ ነው የምዳኘው።» እኔንም እንደ ወትሮው «ዶክተርዬ» ይሉኝ ነበር። በጸሎት ቤት ግን ከፊት ተነሥተው ከኋላ በሩ አጠገብ እንደሚቀመጡ የነገሩኝ እትዬ ጥሩነሽ ናቸው። «እዚያ አየር አለ» ብለዋቸዋል።

ባረፉ በሦስተኛው ሳምንት እትዬ ጥሩነሽ ለተዝካሩ የሚሆን ፎቶ እንድመርጥላቸው ጠሩኝ። ከታተሙት ሥዕሎች መካከል አንዱ ላይ ራሴን አገኘሁ። ሻንጣ ይዤ በግቢው በር ስወጣ፣ ፊቴን አኮሳትሬ። ወፍ የሌለበት ያገኘሁት ብቸኛ ፎቶ ይህ ነበር። ያን ጠዋት አስታወስኩት፤ ወደ አንድ ጉባኤ ለመብረር ገና ሲነጋ የወጣሁበት ቀን ነው፣ ደግሞም የዚያ ቀን የአውሮፕላን ቲኬት እስካሁን አለኝ፤ ምንም ወረቀት አልጥልም። በረራዬ ሰኞ ጁላይ 10 ቀን 2006 ነበር። ፎቶው ጥግ ላይ ያለው ቁጥር 09.07.2006 ይላል። እሑድ።

ቲኬቱን ከቤቴ አምጥቼ ሁለቱን ቁጥሮች አስተያየሁ። ከዚያ ካሜራዋን ጠየቅሁ።

እትዬ ጥሩነሽ ከመሳቢያው አወጧት። አሁንም በነጠላው ተጠቅልላ ነበር፤ «እሱ ሁልጊዜ ኤሌክትሪክ ያጠጣት ነበር፣ እኔም አልተውኩ» አሉ። ከፈትኳት፤ ሰዓት የሚስተካከልበትን ገጽ ፈለግሁ። 4:10 ይላል። የእጄን ሰዓት አየሁ፦ 10:10።

«እትዬ፣ ይቺ ካሜራ ስድስት ሰዓት ወደኋላ ቀርታለች።»

«እንዴት ትቀራለች? እሱ ነው ራሱ የሞላት። አሁን ስንት ሰዓት ነው?»

«አሥር ከአሥር።»

«በአማርኛ ንገሪኝ እንጂ።»

«አራት ከአሥር።»

«እሷስ ስንት ትላለች?»

«አራት ከአሥር።»

እትዬ ጥሩነሽ የተማረ ሰው አንዳንድ ጊዜ እንደሚታዘንለት ባለ ዓይን አዩኝ። «ታዲያ ምኗ ነው የቀረው?»

ምንም አልቀረም ነበር። ጋሼ ተገኘ በነዚያ ሁለት ቀናት ካሜራዋን በራሳቸው ሰዓት ሞልተዋታል፤ ፀሐይ ስትወጣ አሥራ ሁለት በሚባልበት፣ ቀኑም ከፀሐይ ጋር በሚጀምርበት ሰዓት። ካሜራዋ ቀን የምትለውጠው ፈረንጅ እንደሚለውጠው በእኩለ ሌሊት አልነበረም፤ ጠዋት ላይ ነበር። እሑድ ጎሕ ሲቀድ ለእሷ ገና ቅዳሜ ነው። የበጋውን የሰዓት ለውጥ ጋሼ ተገኘ ዕውቅና ሰጥተውት ስለማያውቁ በሜይ ወር ልዩነቱ ሰባት ሰዓት ነበር፤ ይህ ማስረጃውን ያጠነክረዋል እንጂ አያዳክመውም። ያ ደካማ ወርቅማ ብርሃን የማለዳ ብርሃን ነው፤ ከምሥራቅ በኩል፣ ከሕንፃው ጥግ ነው የሚመጣው። ቅዳሜ በዚያ ሰዓት ጋሼ ተገኘ ጸሎት ቤት እንደሚሆኑ መላው ሠፈር ያውቃል።

ኮሚቴው ውስጥ የነበርነው ሦስታችንም «ጠዋት አንድ ሰዓት» እያልን ያደግን ሰዎች ነን። ዛሬም ቤታችን ውስጥ እንዲሁ እንላለን። ከሦስታችን አንዳችንም ካሜራዋ በማን ሰዓት እንደምትሠራ አልጠየቅንም። እኔ በሥራዬ ላይ አንድን መሣሪያ ሰዓቱን ሳላረጋግጥ ብጠቀም በዚያው ቀን እሰናበታለሁ። በጋሼ ተገኘ ላይ ግን ሳላረጋግጥ ተጠቀምኩ፤ ማንም አላሰናበተኝም።

ይህን ሁሉ ለእትዬ ጥሩነሽ አስረዳሁ።

«እኔ ያኔውኑ ነግሬሻለሁ» አሉ በመጨረሻ። «እሑድ ነው ከአጠገቤ የተነሣው፣ ቅዳሜን ከመሳቢያው አጠገብ አልደረሰም አልኩሽ። አንቺ ምን አልሽ?»

ምን እንዳልኩ አስታውሳለሁ። «ይገባኛል፣ እትዬ» ብዬ ነበር። ባልዋን የምትከላከል ሚስት መስለውኝ።

በፌብሩዋሪ ወር ካሜራዋን፣ ቲኬቱንና ሁለቱን ፎቶግራፎች ይዤ ወደ አቶ አስረስ ሄድኩ። በአጉሊ መነጽራቸው አንድ በአንድ አዩ። ሰዓቱን ከእጅ ሰዓታቸው ጋር አስተያዩ፤ ፊታቸው ተለወጠ። ግንባራቸውን ያዙ።

«ምን እናድርግ ታዲያ፣ ልጄ? ሰውየው ሄዷል።»

«መዝገቡ አልሄደም።»

«ፎቶዋን መልሰን እንሰቅላታለን። በሴዴር፣ ይስማማል?» ከዚያም፣ «ሰው እንዳይደናገር ታኣሪኹን በወረቀት እንሸፍነዋለን» አሉ።

«አይሸፈንም።»

«መዝገቡንስ ማን ያነበዋል? የተዘጋ ነገር ነው። አትቀስቅሺው።»

አሁን በአደባባይ ስለቀሰቀስኩት ይቅርታ አልጠይቅም። ፎቶዋ ከማርች ጀምሮ በቦታዋ ተሰቅላለች፤ ጥጓ ላይ ትንሽ ነጭ ወረቀት ተለጥፎባታል። ሰዎች ከፊቷ ይቆማሉ፤ ከወረቀቱ ሥር ምን እንዳለ የሚያውቁት ግን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ያልፋሉ። የተሸፈነ ቀን ከተገለጠ ቀን የበለጠ ይከስሳል። ጋሼ ተገኘ የሚደብቁት ቀን አልነበራቸውም።

ስለዚህ፣ አቶ አስረስ፣ በዚህ ጽሑፍ አንባቢዎች ፊት የምጠይቅዎ ፎቶዋን ስለ መስቀል አይደለም፣ ስለ ሐዘንዎም አይደለም፤ ማዘንዎን አይቻለሁ። ጥያቄዬ አንድ ነው፤ መልሱም አንድ ቃል ነው። ጋሼ ተገኘ ውቤ ያቺን ወፍ ያነሷት በየትኛው ቀን ነው? የቀኑን ስም በመዝገቡ ላይ፣ ከዚያ ዓረፍተ ነገር ሥር፣ በራስዎ እጅ ይጻፉና ይፈርሙበት። እኔ ባለፈው ሰኞ ክበቡ ሲከፈት ገብቼ የእኔን ጽፌ ፈርሜያለሁ። ከፊርማዬ በታች ለእርስዎ አንድ መስመር ክፍት ትቻለሁ። መቼ ይሞሉታል?